ባዮጋዝ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የባዮጋዝ ግንበኛ ነኝ። ጎጃም ውስጥ ብዙ ማብላያ፣ ማለትም በውኃ የተበጠበጠ እበት ተብላልቶ የምድጃ ጋዝ የሚሰጥበት ባለ ጉልላት ጉድጓድ፣ ገንብቻለሁ፤ ሥራ ያቆመም ብዙ ጠግኛለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ ስንት ከብት አላችሁ? የት ያድራሉ? ውኃው ምን ያህል ይርቃል? ያለዚያ ግምት እንጂ መልስ አልሰጥም።

ከደጀን፦ ጋሼ፣ ሁለት ላም አለኝ። ይበቃኛል?

መልስ፦ ቀን ተሰማርተው የሚውሉ ከሆነ አይበቁም። ትንሹ፣ ባለ 4 ሜትር ኩቡ ማብላያ በቀን ቢያንስ 20 ኪሎ እርጥብ እበት ይፈልጋል። የቀኑ እበት ሜዳ ላይ ይቀራል። እጃችሁ የሚገባው የሌሊቱ ብቻ ነው። አራት ከብት የምንለው ለዚህ ነው። ውኃውም እኩል ነው፤ ለ20 ኪሎ 20 ሊትር። በየቀኑ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። ምንጩ ሩቅ ከሆነ አትሥሩ። ሸክሙ የሚወድቀው በሴቶቹ ጀርባ ላይ ነው።

ከእንጅባራ፦ እንጀራ ይጋግራል ወይ? ባለቤቴ የምትጠይቀኝ ይህን ብቻ ነው።

መልስ፦ ልክ ጠይቃለች። በተራው የባዮጋዝ ምድጃ አይጋገርም። ነበልባሉ መሀል ላይ ይሰበሰባል፤ ምጣዱ ግን ሰፊ ነው። መሀሉ ሲያር ዳሩ ዐይን አያወጣም። ለእንጀራ ተብለው የተሠሩ ሰፋ ያሉ ምድጃዎች አሉ፤ ጋዝ ግን በብዛት ይበላሉ። 20 ኪሎ እበት በቀን 800 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። ይህ ለአንድ ምድጃ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ወጡ፣ ቡናው፣ የልጆቹ ቁርስ ይደርስበታል። እንጀራ ስትጨምሩበት ያልቃል።

የቤታችንን ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚጨርሰው ደግሞ እንጀራ ነው። «ማገዶ ለቀማ ቀረላችሁ» ብሎ የሚቀሰቅስ ሰው እናቶቻችንን ያታልላል። በዚህ በጣም እናደዳለሁ። ቃሉን አምነው ያሠሩ ሰዎች ምጣዱ እምቢ ሲላቸው ማብላያውን ይተዉታል። እውነቱን እንንገራቸው፦ ወጡን በባዮጋዝ፣ እንጀራውን «ምርጥ» በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ። እንዲህም ሆኖ ጭሱ በብዙ ይቀንሳል።

ከቢቸና፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ የሲሚንቶ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ቁጥር አልጽፍም። የወረዳችሁን ኢነርጂ ባለሙያ ጠይቁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ይህ ነገር መቼ ነው አገራችን የገባው?

መልስ፦ በብዛት የተስፋፋው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራሙ በ2001 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ነው። «ስንዱ» የምንለው የማብላያ ዓይነት ከኔፓል መጥቶ ለእኛ አገር የተስተካከለ ነው።

ከፍቼ፦ ሽንት ቤቱን ከማብላያው ጋር ማገናኘት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ጋዝ ይጨምራል፣ ግቢውም ይጸዳል።

ሌላ አባል፦ በዚያ የበሰለ ምግብ እኛ ቤት አይበላም! ነውር ነው።

ከፍቼ፦ ጋዝ እኮ ነው የሚነደው። ምግቡን ምን ይነካዋል?

ሌላ አባል፦ እሱን ለእናቴ አስረዳልኝ። እንግዳስ ቢሰማ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ምግቡን የሚነካው ነገር የለም፤ ግን ቤተሰቡ ካልተስማማ አታገናኙ። በግድ ያገናኘሁበት ቤት ምድጃው ሳይለኮስ ከርሟል። ወደ ጉዳዩ እንመለስ።

ከመርጦ ለማርያም፦ የሚወጣውን ዝቃጭ የት ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጣል የሚባል ነገር የለም! ጋዙ ቢቀር እንኳ ለዝቃጩ ብዬ ማብላያ እሠራ ነበር። የእበቱ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ አይነድም፤ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ኩበት ብታነዱት ግን ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል። የዝቃጩ ጠላት ፀሐይ ነው፤ ተሰጥቶ ሲደርቅ ናይትሮጅኑ ይተናል። ስለዚህ መውጫው አጠገብ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሪ፣ ከላይ ዳስ ጣይ። ገለባና ቅጠል አንጥፊ፣ ዝቃጩን አፍስሺበት፣ እንደገና ገለባ። አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ዙሪ። አንዲት እናት እንዲህ አድርገው ጓሯቸው ጎመን ላይ ሲጨምሩ አይቻለሁ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ መዳፌን ያክል ነበር።

ከአዴት፦ ጋዙ ቀነሰ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ከብት? ስንት ውኃ? መጀመሪያ ላይ ምን ብዬ ነበር?

ከሞጣ፦ የእኔም ጋዝ ደከመ። ውስጡን ገብቼ ልጥረገው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳትገባ! ውስጡ አየር የለም፤ ሰው ይገድላል። ክብሪት ወይም ኩራዝ ይዛችሁም ወደ መክፈቻው አትጠጉ። መጀመሪያ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባ። አረፋው ከተነፋ ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ነው። በቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመውንም ውኃ አፍስስ።

ከአዴት፦ ይቅርታ ጋሼ። ከብቶቹ አራት ነበሩ፣ ሁለቱን ሸጥኩ። ውኃው ቅርብ ነው። እበቱን በሦስት ቀን አንዴ እጨምራለሁ።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። ማብላያው ተርቦብሃል። የቀሩትን ሁለቱን ቀንም እዚያው በረት እሰርና ቀልባቸው፤ ሳር እያጨድክ አምጣላቸው። ጠዋት ጠዋት እበቱን በእኩል ውኃ በጥብጥ፣ ገለባውን ለቅመህ አውጣና ብጥብጡን ጨምር። ቦታው ብርድ ከሆነ ቶሎ አይነሳም። በየቀኑ ሳታቋርጥ ለአንድ ወር አብላው። ከዚያ ነበልባሉ ምን እንደሚመስል ጻፍልኝ። ጉልላቱ ላይ ያለው አፈር ተሸርሽሮ ከሆነም መልሰህ ሙላው። እና ደግሜ እላለሁ፣ አትግባ።