ልጄ ተረት ይወዳል፣ ሒሳብ ሲባል ግን ይሸሻል

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። 7ኛ ክፍል ያለው ልጄ ተረት ሲያነብ ምሳውንም ይረሳል፣ ሒሳብና ሳይንስ ሲባል ግን ሆዴን አመመኝ ነው። ምን ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንበብ ከወደደማ ግማሹ አለቀ እኮ! ደብተር ስጪውና ከማድቤት ይጀምር፣ የባቄላ ንፍሮ ስንት ሰዓት እንደተጣደ ስንት ላይ እንደበሰለ ይመዝግብ፣ ከዛ እናንተ ጋ ከፍታው 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ እንደሚፈላ ንገሪውና ዝቅ ብላ ባለችው ባህር ዳር ንፍሮ ለምን ቶሎ እንደሚበስል ራሱ ጽፎ ያስረዳሽ። ሒሳቡንም መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኘው ለጓደኛው ደብዳቤ እንደሚጽፍ አርጎ ይጻፈው፣ የት ጋ እንደሚጠፋበት ያኔ ይታይሻል። ፊደል ሲስት ግን በቀይ እስክሪብቶ አትከተይው በናትሽ፣ እኔን ደብተር ያስጠላኝ እሱ ነው።