የሥነ ልቦና ምክር፦ «እንደፈለግህ» ስትዪው ምን ሰማ?

ከጎንደር የደረሰን ደብዳቤ፦

«ዶክተር፣ በሚቀጥለው ዓመት ትዳራችን 15 ዓመት ይሞላዋል። ውጭ አገር ያለችው የባለቤቴ ታላቅ እህት ‹ልጆቹን ለእማማ ተዉና ለሳምንት ሞቃት ባሕር አይታችሁ ኑ፤ ወጪው በእኔ› አለችን። ባለቤቴ ደስታውን አልቻለውም። ከሥራ ሲመጣ ስልኩ ላይ ተተክሎ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ያያል። በጀልባ ሳይሆን ከዳር ተራምዶ ወደ ባሕር የሚገባበት አገር ነው የሚፈልገው። እኔ ደግሞ ጫካ፣ ወፍና ተራራ ነው የምወደው። ውሃ አልወድም። ልጆች ሆነን ወንድሜ ጎርጎራ ላይ ጣና ገብቶ ቀርቷል፤ ዳር ሆኜ ስጠብቀው ነበር። ጥምቀት ላይ እንኳ ወጣቶቹ ፋሲል መዋኛ ሲዘልሉ፣ ግንቡን ያቀፈውን የዛፍ ሥር ጨብጬ ነው የማየው። ‹የት እንሂድ?› ሲለኝ ‹እንደፈለግህ› እለዋለሁ። ከዚያ ሁለት ቀን አኮርፋለሁ። እሱም ‹ደስታዬን አትወጂልኝም› ይላል። ሁለታችንንም የሚያስማማ ቦታ ካለ ይንገሩኝ። ከሌለስ ጉዞው ይቅርብኝ ልበለው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ወንድምሽ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው። እሱንም ከወፉና ከዛፉ መሐል ሸጉጠሽ አለፍሽው። ስለ ቦታው እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ ግን ከዚያ መስመር ልነሳ።

«እንደፈለግህ» በእኛ አገር ብዙ ነገር ነው። አክብሮት ነው። «ደክሞኛል ተወኝ» ነው። አንዳንዴም የለየለት ቁጣ ነው። የሚሰማው ሰው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል? ባልሽ የሰማው «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ነው። ተስማምታለች ብሎ ሆቴል ማየት ይጀምራል፤ ማታ ፊትሽ ጠቁሮ ያገኘዋል። እሱ «ደስታዬን ትጠላለች» ይላል። አንቺ «ወንድሜን ረስቶታል» ትያለሽ። ሁለታችሁም የምትጣሉት አፍ አውጥታችሁ ባልተናገራችሁት ነገር ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ። ውሃ ስታዪ ሰውነትሽ ምን እንደሚሆን ነግረሽው ታውቂያለሽ? «ውሃ አልወድም» ማለት መንገር አይደለም። ሰው ጎመንም አልወድም ይላል። ልብሽ እንዴት እንደሚመታ፣ መዳፍሽ እንዴት እንደሚያልበው፣ ያንን የዛፍ ሥር ስትጨብጪ ዓይንሽ የሚፈልገው ማንን እንደሆነ ንገሪው። ይህን ለእኔ ለማታውቂኝ ሰው ጽፈሻል። አጠገብሽ ለሚተኛው ሰው ደግሞ ከእኔ በላይ ይገባዋል።

ፍርሃትሽ ጅልነት አይደለም። የእምነት ማነስም አይደለም። አእምሮሽ ገና በልጅነትሽ «ውሃ ሰው ይወስዳል» ብሎ ተምሯል፤ እስካሁን አንቺን እየጠበቀ ነው። ችግሩ፣ ከውሃ በራቅሽ ቁጥር እፎይ ትያለሽ። ያ እፎይታ ደግሞ «መሸሼ ነው ያዳነኝ» እያለ ፍርሃቱን ያወፍረዋል።

ይህን ስልሽ ግን ሄደሽ ጥለቂ ማለቴ አይደለም። ባልሽም ሆነ ሌላ ሰው «አንዴ ከገባሽ ይለቅሻል» ቢልሽ፣ እባክሽ እሺ እንዳትዪ። ውሃ ውስጥ የደነገጠ ሰው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ሊፈተለክ ይችላል። ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሳንባው ውስጥ የታፈነው አየር ይለጠጥና ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል። በዚህ ጉዞ ጠላቂው እሱ ብቻ ይሁን። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። አንድ ያላሰብሽው ነገር አለ። ባልሽ የመረጠው ከዳር የሚገባው ዳይቪንግ ለአንቺም ይሻልሻል። በጀልባ ቢሄድ ከዓይንሽ ይሰወራል፤ አንቺም ሆቴል ተቀምጠሽ ሰዓት ትቆጥሪያለሽ። ከዳር ሲሆን ግን ሲሊንደሩን አጠገብሽ ይሸከማል፣ ከአስተማሪው ጋር ተራምዶ ይገባል፤ በየት እንደሚወጣም ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ ጠልቆ መውጣት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ሳይገባ የመመለሻውን ሰዓት ይንገርሽ፤ ያንንም ይጠብቅ። ጎርጎራ ላይ የጠበቅሽው መጠበቅ የመመለሻ ሰዓት አልነበረውም።

ባልሽ ስልኩ ላይ ቦኔርን ሳያይ አይቀርም። ቬንዙዌላ አጠገብ ያለች የካሪቢያን ደሴት ናት። ከዳር ለሚጠልቅ ሰው እንደ እሷ የሚወደስ ቦታ ጥቂት ነው። መግቢያዎቹ በመንገዱ ዳር በቢጫ ቀለም በተቀቡ ድንጋዮች ተለይተዋል፤ ዙሪያዋን ያለው ባሕርም ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ ነው። ግን ሳምንታችሁን መንገድ ይበላዋል። እኔ አልመክራችሁም።

ዛንዚባር ቅርብ ናት። ለአንቺ ጆዛኒ የሚባል ጫካ አላት፤ ከዛንዚባር ሌላ የትም በዱር የማይገኝ ቀይ ኮሎበስ ዝንጀሮ እዚያ አለ። ነገር ግን በምሥራቁ ዳርቻ ማዕበሉ ሲሸሽ ባሕሩ በጣም ይርቃል። ዳይቪንጉም በአብዛኛው በጀልባ ነው፤ ያው ከዓይንሽ መሰወር መጣ ማለት ነው። እሷን ከመረጣችሁ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ። ሲሸልስም ድንቅ ናት፤ ፕራስሊን ደሴት ላይ በዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራው የኮኮ ደ ሜር ዘንባባ ጫካ አለ። ዋጋዋ ግን ውድ ነው። እህታችሁ «ወጪው በእኔ» ስላለች ብቻ ይህን ሁሉ አትጫኑባት።

እኔ ልቤ ወደ ዳሃብ ያደላል። ሲና ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ዳር ያለች የግብፅ ከተማ ናት። በካርታ ከሐሩር ቀጠና በስተሰሜን ብትሆንም ባሕሩ ኮራል (ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት) የሚያበቅል ሙቀት አለው። ኮራሉ ከዳር ጥቂት እርምጃ ላይ ስለሚጀምር ሰዎች ተራምደው ነው የሚገቡት። ለአንቺ አረንጓዴ ጫካ የለም፤ ይህን አልደብቅሽም። ግን ከጀርባዋ ተራራ ነው፣ ያውም ምን ያለ ተራራ! በ6ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የቅድስት ካትሪን ገዳምና የ2,285 ሜትሩ ደብረ ሲና ግርጌ በመኪና ሊደረስባቸው ይችላል። የሰሜን ተራሮች አየር ለለመደ የጎንደር ሰው ይህ ዳገት አይከብድም። የግብፅ ቪዛ ግን አስቀድማችሁ ጀምሩ።

እዚህ ላይ ባልሽ በደንብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል እጥፍ ነው። በዚያ ግፊት የምንተነፍሰው ናይትሮጅን ሰውነታችን ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ወዲያው ከፍታ ላይ ከወጣ፣ ጠርሙሱ ሲከፈት እንደሚፈላ ለስላሳ፣ ናይትሮጅኑ ደም ውስጥ አረፋ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን አይሳፈሩም። ተራራ መውጣትም ያው ነው። ጎንደር ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ራሱ ሰውነት ወሰነላችሁ። መጀመሪያ ያንቺ ተራራ፣ ቀጥሎ የእሱ ባሕር፣ መጨረሻ ላይ ማንም ውሃ የማይገባበት አንድ ሙሉ ቀን። «ላንቺ ብዬ ነው» የሚል ውለታም አይኖርበትም።

ባልሽም የቤት ሥራ አለው። ጥምቀት ላይ ከግንብ መዝለልና መዋኘት የተለያዩ ናቸው። ለሙሉው የጀማሪ ዳይቪንግ ኮርስ 200 ሜትር ያህል መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ መቻል አለበት። ለሙከራ መጥለቅ ብቻ ከሆነ ከአስተማሪ ጋር ቢበዛ እስከ 12 ሜትር ነው። ጆሮው፣ ሳንባው ወይም ልቡ ታሞ የሚያውቅ ከሆነ ሐኪም አይቶት ይሂድ። እስከዚያ ከተማችሁ ውስጥ መዋኛ ያለው ሆቴል ይፈልግና ይለማመድ።

አንቺም አብረሽው ሂጂ። የመጀመሪያ ቀን ጫማሽን ሳታወልቂ፣ ራቅ ብለሽ ሻይ እየጠጣሽ ተቀመጪ። ልብሽ ሲመታ ወዲያው አትነሺ፤ እስኪረጋጋ ቆዪ። በሌላ ቀን ወንበርሽን ጠጋ አድርጊ። ሌላ ቀን እግርሽን ብቻ ንከሪ። እምቢ ካለሽ እዚያው ላይ ይቁም። ቀይ ባሕር ዳር ቁርጭምጭሚትሽ ድረስ ብቻ ብትገቢም ብዙ መንገድ ሄደሻል። የወንድምሽ ነገር በሕልምሽ እየመጣ የሚያስነሳሽ ከሆነ ግን ይህን ብቻሽን አትሞክሪው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ፤ ሄደሽ አማክሪ።

«ይቅርብኝ» እንዳትዪው እለምንሻለሁ። ልብሽ እየፈለገ ከቀረሽ፣ ቤት ውስጥ አንድ የማይነሳ ወሬ ይጨመራል። አንድ በቂ ነው።

ልጆቹ የተኙ ማታ ቡና አፍዪና ስልኩን እንዲያስቀምጠው ንገሪው። ስለ ዳሃብም ስለ ዛንዚባርም አታንሺ። ስለ ወንድምሽ አውሪው። ስንት ዓመቱ ነበር? ምን ያስቀው ነበር? የዚያን ቀን ምን ብሎሽ ወደ ውሃው ገባ?