ጠበል እየተጠመቅሁ ኦፕራሲዮን ብደረግ እምነት ማጣት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 34 ነው። ከ4 ዓመት ወዲህ የምበላው ደረቴ ላይ ይቆማል። እንጀራውን በውኃ ገፍቼ ነው የማወርደው፤ ውኃውም አንዳንዴ ይመለሳል። ከ58 ኪሎ ወደ 41 ወርጃለሁ። በኢንዶስኮፒና በራጅ አይተው «አካሌዥያ» የሚባል ብዙ ሰው ላይ የማይገኝ በሽታ ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል አሉኝ። እናቴ ግን «ያበሉሽ ነገር በጠበሉ እየወጣ ነው፤ ቢላ ካስነካሽ እግዚአብሔርን ተጠራጠርሽ ማለት ነው» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ስለ ጸሎትና ስለ ጾም አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። እኔን የያዘኝ እናትሽ «እየወጣ ነው» ያሉት ቃል ነው።

ይህን ቃል በጣና ዳር ባሉ ጠበሎች ስንት ጊዜ ሰማሁት! ሕመምተኛው ጠዋት በባዶ ሆዱ አንድ ጆግ ጠበል ይጠጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመልሰዋል። ዙሪያውን የቆመው ሰው «ተመስገን፣ ወጣለት!» ይላል። ዘጌ ላይ የማውቀው አንድ ወጣት ዲያቆን ነበር። ከማኅሌት ወጥተን ጠበል ጻዲቅ ስንቀምስ እሱ ይነሣና መቋሚያውን ተደግፎ፣ ደረቱን ለጥጦ ነበር የሚውጠው። አንድ ቀን ከጠበሉ ጋር የመለሰውን ቀርቤ አየሁት። ማታ አብረን የበላነው ሽሮና እንጀራ፣ እንዳለ፣ ኮምጣጣ ሽታ እንኳ የለውም። ሆዱ ያልደረሰ እራት ነው እንጂ የማንም መተት አልነበረም።

በጀልባ ወደ ባሕር ዳር አሻግረን አሳየነው፤ ያንቺው አካሌዥያ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ የምግብ መውረጃው ጨጓራ ላይ በሚገናኝበት ቦታ ያለው ጡንቻ ምግብ ሲመጣለት መላላት ሲገባው ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፤ የሚያዝዘው ነርቭ ስለሞተ ነው። ያልወረደው ምግብ ሌሊት በተኙበት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። ኦፕራሲዮኑ ያን ጡንቻ ሰንጥቆ ማላላት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሄለር በአውሮፓውያን 1913 የጀመረው ሥራ ነው፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ይሠራል። የሞተውን ነርቭ አያስነሣም፣ መንገዱን ግን ይከፍታል።

ሰዎች የንጉሥ አሳን ነገር ያነሡብሻል፤ ታሞ ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ተብሎ ተነቅፏልና (2ዜና 16፥12)። የተነቀፈው ፈጣሪውን በመተዉ ነው፤ አንቺ መቼ ተውሽው? ሕዝቅያስን ተመልከቺ። አለቀሰ፣ ጸለየ፣ ጸሎቱ ተሰማ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእብጠቱ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ 38)። ጸሎቱ ከተሰማ በለሱ ለምን አስፈለገ ብሎ የጠየቀ የለም። ቅዱስ ጳውሎስም የልብሱ እራፊ ድውያንን ይፈውስ የነበረ ሐዋርያ ሆኖ ሳለ፣ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ ጻፈለት እንጂ «እምነትህ ጎደለ» አላለውም (1ጢሞ 5፥23)።

ጠበል ቦታ ቆመው «መድኃኒት ከነካሽ ጠበሉ ይሸሻል» የሚሉትን ግን እገሥጻለሁ። ይህን ከየት አመጣችሁት? የኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣም ይኸው ተብሎ፣ ኪኒኑን ጥሎ የሞተ አለ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በአደባባይ ያስተማሩት ለዚሁ ነበር።

አንድ ነገር አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን እጠረጥራለሁ፤ ከሥጋ ወደሙ ርቀሻል። የሚመለስበት ሰው ይፈራል፣ መፍራቱም ተገቢ ነው። ያ ዲያቆን በዚሁ ፍርሃት ከቅዳሴ ቀርቶ ነበር። ኦፕራሲዮን ከተደረገ ከወራት በኋላ ቀደሰ፣ ቆረበ። የቅዳሴውን ጠበል ሲጠጣ ዓይኔን ከእሱ አላነሣሁም፤ እጁ ወደ ደረቱ አልሄደም። ዛሬም ደረቅ ዳቦ ሲበላ ውኃ አይለየውም፣ ግን ይወርድለታል።

እናትሽን አትቆጫቸው፤ ሐኪሙ ጋ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ራጁን እሳቸውም ይዩት። መጠመቁን አትተዪ፤ የምትጠጪው ግን ጉንጭ ጉንጭ ይሁን፣ ጆጉ ይቅር። ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽ ጸሎተ ቀንዲል ያድርሱልሽ (ያዕ 5፥14)። የክርስትና ስምሽንና የኦፕራሲዮኑን ቀን ላኪልኝ፤ በዚያ ጠዋት በቅዳሴ እናስብሻለን።