የኋላ ዲፍረንሻል ማሰሪያ ሲሰነጠቅ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጋሼ፣ መኪናዬ ቢኤምደብሊው ኢ30 ነው። ፍሪሲዮን ስለቅ ከኋላ «ዷ» ይላል። የዲፍረንሻሉ ጎሚኒ (የጎማ ማሰሪያው) ነው ወይስ ቦዲው?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ኢ30 ላይ (ሌላው ቢኤምደብሊው ዜድ3 ላይም እንዲሁ) የዲፍረንሻሉ፣ ማለትም ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርስ ሣጥን፣ የኋላ ክዳን በጎሚኒ ከቦዲው ጋር ይታሰራል። ነዳጅ ስትሰጥ ፒኞኑ (ትንሹ ጥርስ) ኮሮናው (ትልቁ ጥርስ) ላይ ሊወጣ ይታገላል፤ የዲፍረንሻሉ አፍንጫ ይነሣል፣ ጀርባው ቁልቁል ይጎትታል። ስትለቅ ይገለበጣል። ጎሚኒው ካለቀ መጎተቱ ምት ይሆናል፣ ምቱን የሚበላው ደግሞ ቀጭኑ ላሜራ ነው።

መጀመሪያ እጠበው፤ የክረምቱ ቀይ ጭቃ ስንጥቁን ሞልቶ ደህና ያስመስለዋል። ሲደርቅ ላምባ ቀባ፣ በደንብ ጥረግ፣ ጠመኔ ለቅልቅበት። ስንጥቅ ካለ ላምባው ጠመኔው ላይ መስመር ያወጣል። ዜድ3 ከሆነ የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍም አንሣ፤ እዚያ የወለሉ የነጥብ ብየዳዎች ይላቀቃሉ።

ስንጥቁን ብቻ ብበይደውስ?

ከብየዳው ጎን ይቀደዳል። ጭነቱን ለሰፊ ላሜራ ማካፈል ነው ሥራው።

ባትሪውን ንቀል፣ ማርሚታውንና ዲፍረንሻሉን አውርድ። ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ሳይወርድ ብየዳ አይጀመርም፤ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ እሠራለሁ የሚልህን አትስማ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቅ። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በ3 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ብሳ፤ እዚያ ካልቆመ ከብየዳው ሥር ይቀጥላል። በሞላ (በመፍጫ ማሽን) ስንጥቁን ቦይ አውጣለት፣ በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ በሚግ (ሽቦ በሚመግብ ብየዳ) በይድ። በኤሌክትሮድ አትሞክር፣ ላሜራው ይበሳል። ከዚያ ማዕዘኑ የተከረከመ የ3 ሚሊ ሜትር ብረት ማሰሪያውን አልፎ እስከ ጤነኛው ወለል ድረስ አልብሰው። 2 ሴንቲ ሜትር በይደህ ወደ ሌላው ጫፍ ዝለል፤ በአንድ ትንፋሽ ከዞርከው ወለሉ ይጣመማል፣ የቡሎኑ ቀዳዳም አይገጥምም።

በፖሊዩሬታን (ጠንካራ ፕላስቲክ) ጎሚኒ ልቀይረው?

ብረቱ ከተጠናከረ በኋላ ይቻላል። ለከተማና ለአጋሮ መንገድ ግን አዲስ የጎማ ጎሚኒ ይበቃል፤ የደረቀ ነገር ምቱን ሁሉ ለብየዳህ ያስረክባል።

የኔ ኢ46 ነው፤ አንድ ነው?

አይደለም። እዚያ የሚቀደደው የኋላው ተሸካሚ ፍሬም ከቦዲው የሚታሰርባቸው 4 ቦታዎች ናቸው። አንዱ ብቻ ቢሰነጠቅም አራቱንም አጠናክር፣ ያለዚያ ጭነቱ ወደ ቀሪዎቹ ይዞራል።

ቀለሙስ?

ዚንክ ያለበት አንቲረስት፣ መጋጠሚያው ላይ ማሸጊያ፣ የቦዲው ባዶ ሣጥን ብረት ውስጥ ሰም። ብረቱ ሳይቀዘቅዝና እርጥበቱ ሳይወጣ አትቀባ፤ በሐምሌ ዝናብ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ጠብቅ። የማሰሪያውን ዳዶም አሮጌውን አትመልስ።