ቀለሙን አትንኩት፦ ስለ ድሮ የመርከብ ሞዴሎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የመረጥኳቸው ጥያቄዎች በሙሉ በመዳፍ የሚያዙ የድሮ የብረት መርከቦችን ከሚሰበስቡ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከለንደን፦ ከእሁድ ገበያ የገዛኋቸው መርከቦች ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው። የታችኛው ክፍል ተቆርጦ ይሆን?

አልተቆረጠም። ጠረጴዛው ባሕር ሆኖ ስለሚታሰብ የሚሠራው ከውኃው በላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ገልብጠው ከሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «ትራይ-አንግ ሚኒክ» እና «እንግሊዝ» የሚል ካገኙ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለልጆች መጫወቻ ተብለው ከወጡት ነው። «ሆንግ ኮንግ» የሚል ካለበት በ1970ዎቹ እንደገና የተሠራ ነው፤ ሰብሳቢዎችም ከመጀመሪያዎቹ ዝቅ አድርገው ያዩታል። ጽሑፉ ከጠፋ ማስመሪያ ያምጡ። ሚኒኮች ስኬላቸው (ከእውነተኛዋ መርከብ ያነሱበት መጠን) 1 ለ1,200 ሲሆን የጀርመኖቹ ቪኪንግ ደግሞ 1 ለ1,250 ነው። 311 ሜትር የምትረዝመው «ኩዊን ሜሪ» በመጀመሪያው 25.9 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 24.9 ትመጣለች። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጎን ለጎን ሲቆሙ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ከቶሮንቶ፦ በጨረታ ያገኘኋት፣ የእንግሊዙ መጫወቻ ሠሪ የዲንኪ መርከብ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አወጣች፤ አንድ ጫፏም ቀና ብሏል። በሱፐር ግሉ ልያዛት?

እባክዎ አይንኳት። ዲንኪ ከ1934 ጀምሮ መርከቦቹን ያወጣው በዚንክ ቅይጥ ነው። በዚያ ዘመን ቅይጡ ሲቀልጥ ጥቂት እርሳስ ከገባበት፣ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ቢሆን፣ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ይወጣል። እርሳሱ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ይሰበሰባል፤ የአየሩ እርጥበት በዚያው መስመር ገብቶ ዚንኩን ይበላዋል። የተበላው ክፍል ደግሞ ከበፊቱ የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ መርከቧ ታብጣለች፣ ትጣመማለች፣ በመጨረሻም ትሰነጠቃለች። ሙጫ አንዱን ስንጥቅ ቢይዝ አጠገቡ ያለው ይከፈታል።

መድኃኒት የለውም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ፣ ሙቀቱ የማይለዋወጥ ቦታ ይፈልጉላት፤ ከራዲያተርና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ያርቋት። ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል ብለው ግን አይስጉ፤ ችግሩ እያንዳንዷ ስትሠራ አብሯት የተወለደ ነው። ወደፊት ሲገዙ መርከቧን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው በጣትዎ በቀስታ ነካ ያድርጓት። ከተወዛወዘች፣ ወይም ከጀርባዋ ብርሃን ሲይዙ ከሥሯ መሐል ላይ ከወጣ፣ መጣመም ጀምራ ሊሆን ይችላል።

ከአዲስ አበባ፦ ሳሎን ባለው ቡፌ ውስጥ የማስቀምጣቸው የእርሳስ መርከቦች ነጭ ዱቄት አበቀሉ። ምንድን ነው?

ይህኛው ከቡፌው የመጣ ነው ብዬ እገምታለሁ። እንጨት በሆምጣጤ ውስጥ ያለውን አሲድ በጥቂቱ ወደ አየር ይለቃል፤ ኦክ የባሰ ነው፣ ቺፕውድና አዲስ ቫርኒሽም አይታመኑም። በሩ ተዘግቶ ሲከርም አሲዱ ተጠራቅሞ እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። ዱቄቱ መርዝ ነው! በአፍዎ እፍ አይበሉት፣ በደረቁም አይጥረጉት። ጓንት አድርገው መርከቦቹን ያውጡ፤ መደርደሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ይጣሉ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ልጆች አይጠጉ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው የመስታወትና የብረት መደርደሪያ ይሁን።

ከስቶክሆልም፦ ቀለሙ የተላላጠ ሞዴል አለኝ። ባድሰው ዋጋው ይጨምራል?

ይቀንሳል። የፋብሪካው ቀለም አንዴ ከተሸፈነ አይመለስም። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉለትና ይተዉት።

ከዋሽንግተን፦ አባቴ በባሕር ኃይላችን አገልግሏል። የ«ኢትዮጵያ» መርከብ ሞዴል እፈልጋለሁ፤ በምን ስም ልፈልግ?

ይህን ጥያቄ በደስታ ነው ያነበብኩት። «ኢትዮጵያ» ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ» ነበረች። የባሕር ላይ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል የተሠራች ስትሆን በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እርስዎ መፈለግ ያለብዎት «ባርኔጋት» የሚባለውን የመርከቦች ዘር ነው፤ ከ30 በላይ እህቶች ስላሏት የማንኛዋም ሞዴል መነሻ ይሆንዎታል። የኖርዌይ «ሆኮን ሰባተኛ» እና የጣልያን «ፒዬትሮ ካቬዛሌ» ከእነዚሁ ናቸው። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል በመሆኑ በ1 ለ1,250 ስኬል 7.6 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ሻጩ ከዚህ ብዙ የራቀ ልኬት ከነገረዎት ሌላ መርከብ ነው። የአባትዎን ዘመን ፎቶግራፎችም ከወዲሁ ይሰብስቡ፤ እህቶቹ እያንዳንዳቸው በየባሕር ኃይሉ እጅ ተለዋውጠዋልና መሣሪያውንና ምሰሶውን ለማስተያየት ከፎቶ የተሻለ ነገር የለም።

ከፍራንክፈርት፦ ብዙ ሞዴሎችን በአንድ ቦታ የት ማየት እችላለሁ?

ሩቅ አይሄዱም፤ ሐምቡርግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የባሕር ሙዚየም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ሞዴሎች አሉት። መሠረቱ የፔተር ታም የግል ስብስብ ነው፤ ለሕዝብ የተከፈተው በ2008 ነው። አብዛኞቹ 1 ለ1,250 ስለሆኑ የራስዎን ሞዴል ፎቶ ይዘው ቢሄዱ በቀላሉ ያስተያያሉ።