የሌሊት ወፍ ለማየት ባሕር መሻገር እብደት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ለአሥረኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን ከባለቤቴ ጋር ዛንዚባር ልንሄድ ነው። እኔ እግረ መንገዴን ፔምባ ደሴት ተሻግሬ እነዚያን ፍራፍሬ የሚበሉ ግዙፍ የሌሊት ወፎች ማየት ፈልጌያለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «እኛ ጣሪያ ላይ ሞልተው የለም እንዴ? ለሌሊት ወፍ ዶላር የሚያወጣ ሰው አንተን አየሁ! በዚያ ላይ በሽታ ይዘህብን ልትመጣ ነው» ትላለች። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ በአንዱ አንተ፣ በሌላው እሷ።

በጣሪያው ልጀምር። እኔም የምኖረው ከከተማ ወጣ ብዬ ስለሆነ አውቃቸዋለሁ፤ ሲመሽ ከቆርቆሮው ሥር ውልብ እያሉ የሚወጡት ትንንሾቹ ነፍሳት በል ናቸው፣ ጨለማ ውስጥ ድምፅ አውጥተው የገደል ማሚቶውን እያዳመጡ ነው ትንኝ የሚይዙት። የፔምባዎቹ ሌላ ናቸው። ክንፋቸው ሲዘረጋ 1.6 ሜትር ይደርሳል። እጅህን ግራና ቀኝ ዘርጋና ገምተው። ጸጉራቸው ቀላ ያለ፣ ክንፋቸው ጥቁር፣ ፊታቸው ቁርጥ ቀበሮ። በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ነው የሚመሩት፣ የማሚቶ ነገር የለም። ማንጎ አኝከው ጭማቂውን ይውጡና ገለባውን ይተፉታል። ልጆች ሳለን የሌሊት ወፍ ግብር ላለመክፈል ለወፎቹ አይጥ ነኝ፣ ለአይጦቹ ወፍ ነኝ አለች ሲሉን የሰማነው ተረት ትዝ ይልሃል? እነዚህን ብታይ ቀበሮ ነኝም ማለት ትችል ነበር።

እነዚህ እንስሳት ከፔምባ ሌላ በዓለም ላይ የትም የሉም። ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ደኑ ተመነጠረ፣ ቅርንፉድ ተተከለበት፣ የቀሩትን ደግሞ ሰው ለሥጋቸው በጠመንጃ ያወርዳቸው ነበር። እናትየዋ በዓመት አንድ ልጅ ብቻ ስለምትወልድ አንዴ ካለቁ ቶሎ አይተኩም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀርተው ነበር። ከዚያ የየመንደሩ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው መጠበቅ ጀመሩ፤ በ2000ዎቹ ሲቆጠሩ ከ20,000 በላይ ተገኙ። አሁንም ስጋቱ አልለቀቃቸውም፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

እኔን የገረመኝ የተረፉበት ቦታ ነው። የሚሰፍሩባቸው ዛፎች ብዙዎቹ አሮጌ የመቃብር ቦታ ላይ ያሉ ናቸው። የሙታን ዛፍ አይቆረጥም፣ በቃ። እዚህ እኛ ሰፈርስ ጽዱና ወይራው የት ተረፈ? ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አይደል? ከአጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ ባሕር ዛፍና ብሎኬት ሆኗል። ፔምባ ቆሜ ወደ ላይ አንጋጥጬ ሳለ ሐሳቤ የነበረው እሱ ላይ ነበር።

አሁን ወደ በሽታው። ባለቤትህ አትሳቅባት። በኅዳር 2018 ዓ.ም ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ ቫይረስ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ የሌሊት ወፍ ሲባል መፍራት ያለ ነገር ነው። ቫይረሱን የሚይዘው ግን ዋሻ ውስጥ የሚኖር ሌላ ዓይነት ፍራፍሬ በል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንዲት ሆላንዳዊት ቱሪስት ሕይወቷ ያለፈው ኡጋንዳ ውስጥ እነሱ የሞሉበት ዋሻ ገብታ ከወጣች በኋላ ነው። የፔምባዎቹ የሚያርፉት ክፍት ዛፍ ላይ ስለሆነ አየሩም ርቀቱም ሌላ ነው። ይህ ማለት ግን ልታቅፋቸው ትችላለህ ማለት አይደለም! አትንካቸው፣ ከሥራቸው አፍህን ከፍተህ አትቁም (ይሸናሉ፣ ደግሞ በትክክል ያነጣጥራሉ)፣ መሬት ላይ የወደቀ የተነከሰ ማንጎም አትብላ። ከደሴቱ ስትመለስ ዋሻ እንግባ ካሉህ እምቢ በል።

ኪዲኬ የሚባለው መንደር ሂድ፣ ከቻኬ ቻኬ ከተማ በስተሰሜን ነው። የመግቢያው ብር ለመንደሩ ስለሚገባ አትከራከር። ስሙን በስዋሂሊ «ፖፖ» በላቸው፣ ሁሉም ሰው ይጠቁምሃል። አመሻሽ ላይ ብትደርስ ጥሩ ነው፣ ለምግብ ሲወጡ ታያለህ። ቀን ቀን ተዘቅዝቀው ይተኛሉ፣ ሲሞቃቸው በክንፋቸው ራሳቸውን ያራግባሉ፣ በቦታ ይጣላሉ፤ ያም ቢሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስቆማል።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ የሄድኩ ቀን አብሮን የነበረ ሰው ፎቶ እንዲያምርለት አጨበጨበ። ዛፉ በሙሉ ብድግ አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ነው ደረታቸው ላይ ልጅ ያዘሉትን ያየሁት፤ በዚያ ሙቀት፣ በእኩለ ቀን፣ ልጅ ታቅፈው ይዞራሉ። ያንን ቪዲዮ ለማንም አላሳየሁም። አንተ ሲያጨበጭቡ ካየህ «ተው» በል፣ ነውር የለውም።

ለጉዞው፦ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ያዝ፣ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሀገሩ በኩል የሚገዛ የጉዞ ኢንሹራንስም አስገድዳለች፣ ሲጀመር 44 ዶላር ነበር። ከዚያ ወደ ፔምባ በጀልባ ወይም በትንንሽ አውሮፕላን ነው። ባለቤትህ የባሕር ማዕበል ካልተስማማት አውሮፕላኑን ምረጥ፣ አለበለዚያ በዓሉ እዚያው ያልቃል።

የጣሪያዎቹን ደግሞ አታስጨንቃቸው። የግድ ቀዳዳውን መድፈን ካለብህ ከመሸ በኋላ፣ ሁሉም ወጥተው ሲያልቁ ነው፤ ቀን ላይ ከደፈንከው ውስጥ ሞተው ቤቱን ያሸቱታል። የሚጠቡ ልጆች ካሏቸው እስኪበሩ ጠብቅ። ኩሱን ስትጠርግ ውሃ አርከፍክፍበት፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ አቧራው ሳንባ ያሳምማል።