ክፍላችን ውስጥ 11 ብቻ ነን

ጥያቄ፦ ቤቴ ኮምቦልቻ ነው። ደሴ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ እማራለሁ። ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ 11 ብቻ ነን፤ ቤተ መጻሕፍቱም ጠባብ ነው። የመውጫ ፈተናው አስፈርቶኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም የግል ኮሌጅ ልጅ ነኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ለማንበብ አትታገይ፣ ያጥወለውላል። የያዝሽውን በልብሽ ከልሺበት።

ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ የሚወስደው ነው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ከወዲሁ እጅሽን አለማምጂ። የትምህርት ሚኒስቴርን ብሉፕሪንት ፈልጊ፤ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚካተቱ እዚያ ታገኛለሽ።

11 መሆናችሁን ግን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። እኛ 9 ነበርን። ኮስት አካውንቲንግ አልገባኝ ሲል መምህራችን ከክፍል በኋላ አብሮኝ ተቀመጠ። የአንድ ዳቦ ቤት ወጪ አሰላልኝ፤ ዱቄቱን፣ መብራቱን፣ የጋጋሪውን ደመወዝ። የቱ ቋሚ፣ የቱ ተለዋዋጭ ወጪ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። መቶ ሰው በሞላበት አዳራሽ ይህን ማን ያደርግልሽ ነበር? መምህሮችሽን በጥያቄ ያዣቸው፣ አትፈሪ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሦስት አራት ሆናችሁ ጥያቄ ሥሩ።